እንዶድና የፈንግል ክትባት፦ ደሴ ላይ የተማርኩት

ሐይቅ ነው ያደግኩት። እማዬ ጋቢና ነጠላ የምታጥበው በእንዶድ ስለነበር አረፋውን ገና በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ደሴ ገብቼ የእንስሳት ሕክምና መመረቂያ ጥናቴን ስጀምር ያ አረፋ ትዝ አለኝ።

ምክንያቱ ቺሊ የሚበቅለው የኩዊላያ ዛፍ ነው። የአገሩ ሰው ቅርፊቱን እንደ ሳሙና ይታጠብበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዴንማርካዊው ክሪስቲያን ዳልስጎርድ አረፋ የሚያወጣውን ሳፖኒን ከቅርፊቱ አጣርቶ፣ ኩዊል ኤ ብሎ፣ ለአፍተግር ክትባት አጋዥ፣ ማለትም ክትባቱ ሰውነትን ይበልጥ እንዲያነቃ የሚረዳ ቅመም አደረገው። እንዶድም ሳፖኒን አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በእሱ ነው። ታዲያ የእኛው ለምን የዶሮ በሽታ የሆነውን የፈንግልን ክትባት አያግዝም?

ያልበሰለውን ፍሬ አድርቄ ወቀጥኩት፤ ዘፍዝፌ አጠለልኩት። ጫጩት ላይ ከመድረሴ በፊት በዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ፈተንኩት፤ ይህን ማድረጌ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሕዋሱ ደህና ከሆነ ሥር ላይ እንደ ቁልፍ ይሰበሰባል፤ ከፈነዳ ግን ፈሳሹ ጥርት ብሎ ይቀላል። ወፍራሞቹ ብጥብጦች ሁሉ ቀሉ። በመርፌ የመስጠቱን ሐሳብ ያን ቀን ተውኩት።

አቅጥኜ በመጠጥ ውኃ ከፈንግል ክትባቱ ከላሶታ ጋር ቀላቀልኩት። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ላሶታ ሕያው ቫይረስ ነው፤ የውጭ ሽፋኑ ስብ ነው፤ ሳፖኒን ደግሞ ስብ ይበትናል። ለገበሬው "ክትባት የምትበጠብጡበትን ዕቃ ሳሙና አይንካው" እያልን፣ እኔ ሳሙናውን ራሴ ጨመርኩበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደም ወስጄ ስለካ፣ እንዶድ የጠጡት ጫጩቶች ፀረ እንግዳ አካል ክትባት ብቻ ከጠጡት አንሶ አገኘሁት።

ሳፖኒኑ ቫይረሱን ገድሎት ይሆን? ወይስ ጫጩቶቹ መራራውን ውኃ ሸሽተው ክትባቱን ሳይጠጡት ቀሩ? ከየማጠጫው የተረፈውን ውኃ ስላልለካሁ መለየት አልቻልኩም፤ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አሁን ዕቅዴን ቀይሬያለሁ፤ እንዶዱን የምፈትነው ቫይረሱ አስቀድሞ ከተገደለበት ሙት ክትባት ጋር፣ በደንብ ከተጣራና የደም ሕዋሱን ፈተና ካለፈ ብቻ ነው። እንዶድ ያለ ክትባት የሚሰጠው ቡድንም ይኖራል።

እማዬ ይህን ስነግራት "እንግዲያ ለዶሮዎቼ ትንሽ ልስጣቸው?" አለችኝ።

"ተይ እማዬ፣ መርዝ ነው። እንዶዱ ለጋቢሽ ይሁን፤ ክትባት የሚሰጥ ቀን ዶሮዎቹን በማለዳ ከቆጥ ሳይወርዱ ያዢልኝ።"