ሐዘን ይዤ የጾምኩት የገና ጾም

አባቴ ያረፈው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። አርባው ሳይወጣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። እውነቱን ለመናገር ገና የሚባል ነገር ማሰብ አልፈለግኩም ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ግን አለቀቁኝም። "ልጄ፣ ልቅሶሽን እዚያው ወስደሽ አልቅሺው" አሉኝ። የነጠላዬን ጥለት ወደ ላይ አዙሬ ባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ አብሬያቸው ሄድኩ። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ለማስተምረው ለእኔ ተመቸኝ። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አልገባኝም። ግን እዚያ ማንም "በርቺ፣ ቻይው" አይልሽም።

ነገሩ የተለወጠው በስብከት ሰንበት ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስት ሰንበቶች ስም አላቸው፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። የስብከት ምስባክ፣ ማለትም በቅዳሴ ከወንጌል በፊት የሚዜመው የዳዊት መዝሙር ጥቅስ፣ "ፈኑ እዴከ እምአርያም" ይላል፣ መዝሙር 143። ቤት ገብቼ በአማርኛ አነበብኩት። እጅህን ከአርያም ላክ፣ ከብዙ ውኃም አድነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጣና ላይ ጀልባ ሲነዳ ነው የኖረው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ምን እንደሚሆን እኛ ቤት ይታወቃል። ሲያመሽ እናቴ በር ላይ ቆማ "እጅህን ስደድለት" ትል ነበር። ለካ ዳዊትን ነበር የምትደግመው፣ ሳታውቀው።

ከዚያ ወዲህ ምስባኩን ቅዳሜ ማታ አስቀድሜ ማንበብ ያዝኩ። በብርሃን "ብርሃንህንና እውነትህን ላክ"፣ በኖላዊ "የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፣ አድምጥ"። ሦስቱም ልመና ናቸው። ነቢያቱ የጾሙት ገና ያልመጣውን እየጠበቁ ነው። እንደኔ እንደኔ ሐዘንተኛ ከዚህ ጾም የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ደስ ያለው መምሰል አይጠበቅበትም፣ የሚለምነው አያጣም።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ ሁለት ነገር እለዋለሁ። ምስባኩን አስቀድመህ አንብብ። ብቻህን ደግሞ አትሂድ። እማማ መንገዱን ሙሉ የሚያወሩኝ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር፣ እሱም ጠቅሞኛል።

የገና ሌሊት ጧፍ ይዤ ቆምኩ። አለቀስኩም። ጠዋት እናቴ ዶሮውን ራሷ ሠራች፤ ከቀብሩ ወዲህ ምድጃ አጠገብ ደርሳ አታውቅም። ጨው በዝቶበታል። ጥርግ አድርገን በላነው።