ጥቅሉ እስኪፈታ

ከመኪናው ስንወርድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰባት ሆነን ነው የመጣነው፤ ከዱር በለቀምነው ቅጠል ጨርቅ ላይ ልናትም። በየከረጢታችን መቀስ፣ ሲባጎና የነጭ ሐርና ሱፍ ቁራጭ አለ።

"ያማረ አበባ እንዳያታልላችሁ" አሉ አስተማሪያችን። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ደማቅ ቀይ አበባ ሳገኝ ከረጢቴን ሞላሁ። በኋላ ድስት ውስጥ ውሃውን አቀላው፣ ሱፉ ላይ ግን የቀጠነ ሻይ የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። ለካ ጠንካራው ቀለም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልጣጭና ሥር ውስጥ ነው።

ሳማም ቆረጥን። ጓንት ረስቼ ስለነበር እጄ እስከ ማታ ሲያቃጥለኝ ዋለ። የዛፍ ሽበት ግን በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ከመሬት የወደቀውን ብቻ አነሳን።

የቀኑ ጀግና ባህር ዛፍ ነበር። ብዙዎቹ ቅጠሎች ቀለማቸው እንዲይዝ ጨርቁ አስቀድሞ አሉም በሚባል ጨው መዘጋጀት አለበት፤ ለአንድ ኪሎ ደረቅ ሱፍ ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃል። ባህር ዛፍ ሱፍና ሐር ላይ ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

ጨርቁን አርጥቤ ዘረጋሁ። ቅጠሉን ደረደርኩ። ዱላ ላይ ጠቅልዬ በሲባጎ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፤ ከላላ የሚታተመው ጭጋግ ነው። መሃሉ ላይ አንድ የዛገ ሚስማር ሸጎጥኩ። ብረት ቅጠሉ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ድሮ ጥቁር የጽሕፈት ቀለምም እንዲሁ ይሠራ ነበር። ሁለተኛ ሚስማር ሳነሳ ግን አስተማሪያችን እጄን ያዙኝ፤ ብረት ሲበዛ ሱፉን ያሻክረዋል።

ከዚያ ሁለት ሰዓት በእንፋሎት፣ ምግብ በማይሠራበት ድስት። ክፍሉ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠንበት መሰለ። ገና ትኩስ ሳለ ልፈታው ስል "አንቺ ልጅ፣ ይብረድ እንጂ!" አሉኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳይወስደኝ አደርኩ።

ጠዋት ሲባጎውን በጠስኩት። ሐሩ ላይ ቅጠሉ የሸክላ ቀለም ይዞ፣ የደም ሥሩ ሳይቀር ቁጭ ብሏል። ሲባጎው ያረፈበት ነጭ መስመር ሆኗል። ሚስማሩ ዙሪያውን አጥቁሮታል።

ከአሮጌ ቲሸርቴ ቆርጬ የደባለቅኩት ጥጥ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጥጥ እንደ ሱፍ በቀላሉ ቀለም አይቀበልም፤ እኔ ደግሞ ምንም ሳላዘጋጀው ነው የጠቀለልኩት። አጣጥፌ ከረጢቴ ውስጥ መለስኩት። ለሚቀጥለው ጉዞ ነክሬው ነው የምመጣው።