«ጌታ ያጻፈኝን ማን ያርመዋል?»

ኮንፈረንስ አያጥረንም። መዝሙር፣ ስብከት፣ ምሳ፣ ከዚያ እንደገና ስብከት። ስለዚህ «የክርስቲያን ጸሐፊዎች ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይደረጋል» የሚለውን መልእክት ቴሌግራም ላይ ሳየው ብዙም አልጓጓሁም። እኔ ሐዋሳ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ የሚታረም የፈተና ወረቀት ይጠብቀኛል።

ግን ማታ ማታ የምጽፈው ነገር አለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ትልልቅ ድስት ጥደው ለእንግዳ ምግብ የሚያዘጋጁ እናቶች አሉ። ሰባኪው ውስጥ «አሜን» ሲባልለት እነሱ ውጭ ጭስ እየሞቁ ሽንኩርት ይከትፋሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ እየጠየቅኩ ታሪካቸውን መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። ረቂቁ እየወፈረ ሲሄድ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ የፈተናውን ወረቀት ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ ረቂቁን ላዩ ላይ ደርቤ ተነሳሁ።

ስለ አዳራሹ ብዙ የሚወራ የለም። የፕላስቲክ ወንበር፣ ከመጠን በላይ የሚጮህ ማይክ፣ በር ላይ ስም መዝግቦ ባጅ የሚያንጠለጥል ትሁት ወጣት። የመጣው ሰው ግን ልዩ ልዩ ነው። ፓስተር አለ፣ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ከወላይታ የመጡ ጡረተኛ መምህር አሉ፣ የመዝሙር ግጥም ብቻ የሚጽፍ ልጅ አለ። ከጎኔ የተቀመጠችው እህት መጽሐፍ አሳትማ ታውቃለች። «የት ይሸጣል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አልጋዬ ሥር» አለችኝ።

ሳቅን። ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የመክፈቻው ጸሎትና ዝማሬ እንደለመድነው ረዘም ብሎ አለቀ። ቀጥላ የወጣችው ለዓመታት የሰው ረቂቅ ስታርም የኖረች አርታኢ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትናገራለች፤ ለማንበብ ስትፈልግ ታወርደዋለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ አጭር ነበር። «ከማተሚያ ቤት በፊት ጽሑፉን ለአርታኢ ያሳየ እጁን ያውጣ።» ጥቂት እጆች ወጡ። የኔም አልወጣም፤ ያሳተምኩት የለኝማ።

ከመሃል አንድ ወጣት ተነሳ። ደህና ልብስ የለበሰ፣ ድምፁ የሰባኪ። «ተባረኩ እህቴ። ጥያቄ አለኝ። ጌታ ያጻፈኝን ማን ያርመዋል?»

ከአንድ ጥግ «አሜን!» ተባለ። አርታኢዋ አልተቆጣችም። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሰማች ትመስላለች።

«ወንድሜ፣ ሽፋኑ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጁም ሳቀ። እሷ ግን ወዲያው ወደ ሉቃስ ወንጌል መግቢያ ወሰደችን። ሉቃስ «በጥንቃቄ ሁሉን ከመጀመሪያው ተከትዬ» ነው ያለው። ጠይቋል፣ አጣርቷል፣ በተራ በተራው አስቀምጧል። የእግዚአብሔር መንፈስ የሉቃስን ድካም አልሻረበትም። ቀጥላም ኤርምያስ 36ን አነሳች። ንጉሡ ጥቅልሉን እየቀደደ እሳት ውስጥ ሲጥለው ባሮክ እንደገና ተቀምጦ ጻፈ፤ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ብዙ ቃል ተጨመረበት። «ሁለተኛ መጻፍ ኃጢአት ቢሆን ኤርምያስ ይነግረን ነበር» አለች። ጡረተኛው መምህር ይህንን ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አየኋቸው።

ልጁ ደፋር ነው። ከረቂቁ አንድ ገጽ በፈቃዱ ሰጣት። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ወጣ። ስለ እናቱ የጻፈው ምዕራፍ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «የተወደዳችሁ አንባቢያን ሆይ፣ በዚያ የመከራ ዘመን እናቴ እጅግ አስደናቂ በሆነ የእምነት ጽናትና የመሥዋዕትነት ሕይወት ውስጥ ታልፍ ነበር።»

አርታኢዋ መነጽሯን አወረደች። አነበበችው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች።

«ምን አደረጉ?»

«እ?»

«እናትህ። መሥዋዕትነት ያልከው ምኑን ነው? ምን አደረጉ?»

ልጁ ማይኩን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የትምህርት ቤት ክፍያ ጠፋ። ቀለበቷን ሸጠች። የጋብቻ ቀለበቷን። ለአባቴ ግን ልብስ ሳጥብ ከጣቴ ወልቆ ጠፋ አለችው።»

«ታዲያ እሱ የታለ?»

«መጀመሪያ ነበር። አወጣሁት።»

«ለምን?»

«ዋሽታለቻ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ክርክር ብትሰሙት! አንድ ትልቅ ፓስተር ተነስተው «የእናትን ገመና አደባባይ ማውጣት ክርስትና ነው እንዴ?» አሉ። ሌላው «አንባቢው ውሸትን እንደ ጽድቅ እንዳያየው ማብራሪያ ይጨመርበት» አለ። ነርሷ ደግሞ «ለልጇ ብላ ነው እኮ!» እያለች ከወንበሯ ልትነሳ ደረሰች። አርታኢዋ ሁሉንም ካስጨረሰች በኋላ «አብርሃም ሣራን እህቴ ናት ብሏል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ደበቀለት?» ብላ ጠየቀች። ሁለቴ ነው ያለው፤ አንዴ ግብፅ ላይ፣ አንዴ ጌራራ ላይ። ሁለቱም ተጽፈዋል።

ከኋላ አንዲት ሴት ዝግ ባለ ድምፅ የተናገረችው ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «አብርሃም ሞቷል። የልጁ እናት በሕይወት አሉ። ነገ ከጎረቤት ጋር ቡና የሚጠጡት እሳቸው ናቸው።»

እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። ሴትየዋ ትክክል ናት፤ ባለታሪኳ ሳትጠየቅ መጻፍ የለበትም። አርታኢዋም ትክክል ናት። «የእምነት ጽናት» የሚለውን የማንም እናት ላይ ብትለጥፈው ይሄዳል። ቀለበቱ ግን የእኚያ ሴት ብቻ ነው። የኛ ሰው ምስክርነት ሲጽፍ አንድ የተለመደ መንገድ አለው፤ ጨለማ ነበርኩ፣ ብርሃን ሆነልኝ፣ ክብር ለጌታ ይሁን። መሃሉ ይዘለላል። ሰው ግን የሚኖረው መሃሉ ላይ ነው። «ጌታ አጻፈኝ» የሚለው ንግግርም ብዙ ጊዜ ለትሕትና ተብሎ ይነገራል፤ ሥራው ግን ጠያቂን ማስቆም ነው። ከጌታ ጋር ማን ይከራከራል?

በሻይ ሰዓት አንድ የጎጃም ሰው አገኘሁ። በልጅነቱ ቅኔ ቤት የገባ፣ በኋላ ወደ ወንጌላውያን የመጣ ነው። በጠዋቱ ክርክር ሲስቅ ነበር የዋለው። «እኛ ቀን ቅኔ ቆጠራ እንወጣለን፤ ለየብቻችን ዛፍ ሥር ተቀምጠን እናወጣለን እናወርዳለን። ማታ መምህሩ ፊት ነገራ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት መስመር ብቻ ናት። ሁለቷ መስመር ቤት ካልመታች፣ ምሥጢሯ ካልገጠመ፣ ጓደኞችህ ፊት ነው የምትታረመው።» ሻዩን ፉት አለና «ያኔ እግዜር ነው ያስቀኘኝ ብል ኖሮ፣ አርጩሜም እግዜር ነው የፈጠረው ይሉኝ ነበር» አለኝ።

ይህ ነገር ገረመኝ። መታረምን ከፈረንጅ የመጣ ነገር አድርገን እናወራለን። እዚሁ አገር ትናንት የነበረ ሥርዓት ነው። እኛ ወንጌላውያን ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ጥለን ወጥተናል፤ ይህን ይዘን ብንወጣ ምን ነበረበት?

ከሰዓት በኋላ ታሪክ ነበር። እውነቱን ለመናገር ምሳ ከበላ በኋላ ታሪክ የሚሰማ ጀግና ነው፤ ግማሹ አንቀላፍቷል። እኔ ግን ነቅቼ ሰማሁ። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እጃችን እስኪገባ ስንት ሰው እንደደከመበት ነው የተነገረው። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ካይሮ ላይ ከፈረንሳይ ቆንስል ጋር ተቀምጦ 10 ዓመት ያህል ተርጉሟል። የእጅ ጽሑፉ ከ9,000 ገጽ በላይ ነበር። እሱ ሳይታተም ሞተ። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. ወጣ። በመካከሉ በሌሎች እጅ እየታየ፣ እየተስተካከለ ነው። የእግዚአብሔር ቃል እንኳ ወደ ቋንቋችን ሲመጣ አራሚ አይቶታል፤ የኔና ያንተ ረቂቅ ለምን ይኮራል?

የሁሉንም እንቅልፍ ያባረረችው ግን አስቴር ጋኖ ናት። በባርነት ተሸጣ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ከመርከብ ላይ ነፃ ወጥታ፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች ኦሮሞ ወጣት። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከተረጎመው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሠርታለች፤ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ሲታተም የእሷ ድካም አለበት። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከቃሏ ጽፋለች። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። ከቤቷ ተነጥቃ፣ የቤቷን ተረት ግን በቃሏ ይዛ! የኦነሲሞስ ስም በየቦታው ይጠራል፤ ይገባዋልም። የእሷ ስም ግን ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ። የኔን እናቶች አሰብኩ። በድስቱ ዙሪያ የሚሉት ተረትና ቀልድ እኮ የትም አልተጻፈም።

ስለ ማሳተም የነበረውን ክፍል ባጭሩ ልለፈው፤ ሲያስቡት ራስ ያሳምማል። ጸሐፊው ራሱ ከፋይ ነው። የፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) ዋጋው መቶ ኮፒ ብታትምም ሺህ ብታትምም ያው ስለሆነ፣ ማተሚያ ቤቱ «ጨምር» ይልሃል፤ በጨመርክ ቁጥር የአንዱ ኮፒ ወጪ ይቀንሳል። ትጨምራለህ። ወረቀት ተወዷል፣ ትበደራለህ። ከዚያ ምረቃ አለ። ፓስተሩ መጽሐፉ ላይ እጁን ጭኖ ይጸልያል፣ ወዳጅ ዘመድ ለፍቅርህ ብሎ ይገዛል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ኮፒ አልጋ ሥር ይገባል። ለምረቃው ድንኳንና ለስላሳ የሚወጣው ገንዘብ ለአርታኢ ቢከፈል ኖሮ የምትለዋ ያቺ ከጎኔ የተቀመጠችው እህት ናት፤ እኔ የጨመርኩት የለም።

ሁሉንም ግን አልተቀበልኩም። አርታኢዋ «ማንኛውም ምዕራፍ በታሪክ ይጀምር» ስትል አልተዋጠልኝም። ሁሉም በታሪክ ከጀመረ እሱም አዲስ ስብከት ይሆናል። በቡድን ስንቀመጥ ደግሞ አንድ ወንድም ረቂቄን አይቶ «በየምዕራፉ መጨረሻ ጥቅስ ጨምሪበት፣ አለበለዚያ መንፈሳዊ አይመስልም» አለኝ። ፈገግ ብዬ አመሰገንኩት። እንጀራ ሲጋግሩ ያደሩ እናት፣ ጠዋት ደክሟቸው ስብከት ላይ ሲያንቀላፉ የተሳቀቁበት ምዕራፍ ነው። ምን ጥቅስ ልጨምርበት?

ስንለያይ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ምዕራፍ ታስገባለህ፣ የሁለት ሰው ምዕራፍ አንብበህ አስተያየት ትሰጣለህ። «ድንቅ ነው፣ ተባረክ» ብቻ ብሎ መውጣት አይቻልም። ባለ ቀለበቱ ልጅ ቀድሞ ላከ። እናቱን ጠይቋቸው ኖሯል። «ጻፈው፤ አባትህ ያኔውኑ ገብቶት ነበር፣ ዝም ያለኝ እንዳላፍር ነው» አሉት አለን። አሁን ምዕራፉ የእናትዬው ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁለቱ ሆነ። ርዕሱ ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው።

እኔም ከተመለስኩ ወዲህ ለእናቶቹ የየራሳቸውን ምዕራፍ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽንኩርት እየተከተፈ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ይሰሙኛል፣ ያቋርጡኛል፣ «እንደዛ አላልኩም» ይሉኛል። አንዷ ለእንግዳ ከተገዛው ዘይት ቀንሳ ለአራስ ጎረቤቷ የወሰደችበትን ታሪክ «አውጪው» ብላኛለች። ሌሎቹ «ይቆይ፣ እኛም ወስደናል» ይላሉ። እሷ እሺ እስክትል ያ ገጽ ለማንም አይሄድም። ትናንት ስጠይቃት «ሽማግሌዎቹ ያነቡታል ወይ?» አለችኝ። «ያነቡታል» አልኳት። «እንግዲያው ዘይቱ ስንት ሊትር እንደሆነ አትጻፊ» አለችኝ።

ሊትሩን ሰርዣለሁ። ስለ ቀረው ገና እየተነጋገርን ነው።