የፖቶሱ አፈር ላይ የሚዘሉት ነጫጭ ነፍሳት

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ የእንግዳ መቀበያውን ተክሎች ስታጠጣ የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ ነጫጭ ነፍሳት ከአፈሩ ላይ እየዘለሉ ሲበተኑ አየች። ይህን የሰማ አንድ ሠራተኛ የበረሮ ፍሊት አምጥቶ አፈሩንም ቅጠሉንም በቅርብ ነፋበት። በሳምንቱ ፖቶስ የተባለው የቤት ውስጥ ተክል ቅጠሉ ዳር ዳሩን ተቃጠለ። ከኮምፒውተሮቹ ፊት ይበሩ የነበሩት ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ግን አልጠፉም። ግቢውን የሚንከባከቡት አትክልተኛ የተጠሩት ይሄኔ ነው።

አትክልተኛው መድኃኒት አልጠየቁም። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ድንችና ቢላዋ አስመጡ። «ልጄ፣ መጀመሪያ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ እንይ» አሏት።

ከላይኛው አፈር አንድ ማንኪያ ዘግነው ብርጭቆው ውስጥ ጨመሩ። ነጫጮቹ ሳይርሱ ተንሳፈፉ፤ ውሃው ላይ ሆነውም መዝለላቸውን አልተዉም። በስልክ ካሜራ አቅርበው ሲያዩአቸው ክንፍ የላቸውም፤ ስድስት እግር አላቸው፤ ሆዳቸው ሥር ደግሞ የታጠፈ መንታ ጭራ አለ። የሚያስፈነጥራቸው ይህ ጭራ ነው። ስፕሪንግቴይል ይባላሉ። አብዛኞቹ 1 እስከ 2 ሚሊሜትር ናቸው፤ ሻጋታና ብስባሽ ይበላሉ፤ ጤነኛ ተክል አይጎዱም። ስለዚህ ፍሊቱ የተነፋው መነካት በማይገባቸው ላይ ነበር።

ትንኞቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ድንቹ በ3 ሴንቲሜትር ያህል ተቆራርጦ፣ የተቆረጠው ገጽ ወደ ታች ሆኖ አፈሩ ላይ ተጫነ። በሦስተኛው ቀን ሲነሳ እግር የሌላቸው፣ ገላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጭንቅላታቸው ግን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ እጮች ተጣብቀውበት ተገኙ። የፈንገስ ትንኝ እጮች ናቸው፤ ጥቁሩ ጭንቅላት ከሌሎች ይለያቸዋል። ዋና ምግባቸው ሻጋታ ቢሆንም ሲበዙ ቀጫጭን ሥሮችን ይበላሉ፤ ችግኝና አዲስ የተተከለ ቁራጭ ከሁሉ የከፋ ይጎዳል። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ በክፍል ሙቀት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳሉ። ፍሊቱ በራሪዎቹን ቢገድል እንኳ አፈር ውስጥ ያለው እንቁላልና እጭ ቦታውን ይተካል።

አትክልተኛው እዚህ ላይ አላቆሙም፤ ተክሎቹን ከነአፈራቸው ከማሰሮ እያወጡ ሥራቸውን አዩ። የፈለጉት የሥር ሚሊባግ የሚባለውን ነፍሳት ነው። ይህኛው አይዘልም፤ ሥሩና የማሰሮው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነጭ የሰም ዱቄት ይተዋል፤ የሥሩን ፈሳሽ ስለሚመጥ እውነተኛ ጠላት ነው። አፈር ውስጥ የሚደባለቀው ፐርላይት የተባለ ነጭ ቀላል ጠጠር ያሳስታል፤ በጣት ሲጨመቅ ግን ፐርላይት ደርቆ ይፈረፈራል፣ ሚሊባግ ይላቁጣል። የሥር ሚሊባግ አልነበረም። ስምንት እግር ያላቸው ቡናማ፣ ዝግ ብለው የሚሄዱ ማይት የተባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ነበሩ፤ እነሱም ብስባሽ በሊታ ስለሆኑ ተተዉ።

መንስኤው ግን እዚያው ታየ። ማሰሮዎቹ የተቀመጡት ቀዳዳ በሌለው የጌጥ ማሰሮ ውስጥ ስለነበር ከታቻቸው ውሃ አቁሯል። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከሰዓት እንግዳ ተቀባይዋ ሳይነጋገሩ ያጠጣሉ። ከጀበናው የሚተርፈው የቡና አተላም የሚደፋው እዚያው ነው፤ በእርጥብ አፈር ላይ አተላ ሻጋታን ይቀልባል።

የቆመው ውሃ ተደፋ፣ የላይኛው 3 ሴንቲሜትር አፈር በደረቅ አፈር ተተካ፣ አተላ መድፋት ቀረ። ማጠጣቱ ለአንድ ሰው ተሰጠ፤ እሷም ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብታ ደረቅ ሆኖ ስታገኘው ብቻ ታጠጣለች። ቢጫ አጣባቂ ካርድ አፈሩ አጠገብ ተተከለ፤ ድንቹ በየሦስት ቀኑ ከነእጩ እየተጣለ ተቀየረ። ይህ ከአንድ ወር በላይ መቀጠል አለበት፤ በመሃል ከተቋረጠ የቀረው እጭ በርሮ እንደገና እንቁላል ይጥላል።

ካርዶቹ ላይ የሚጣበቀው ትንኝ እየቀነሰ ሄደ፤ ስፕሪንግቴይሎቹም አፈሩ ሲደርቅ ራሳቸው ተመናመኑ። ድራሲና የተባለ የአንድ ተክል ካርድ ብቻ መሙላቱን አላቆመም። ማሰሮው ሲገለበጥ የታችኛውን ቀዳዳ ሥሩ ደፍኖት ተገኘ፤ ተክሉ ወደ ሰፊ ማሰሮ ተዛወረ።