12 ጠብታ የተባለው ዘይት

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ማሳጅ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞች ደጅ ተቀምጠዋል። አልጋው ላይ የተኙት ስድሳውን የተሻገሩ ሰው ሲሆኑ፣ ቤት ሲቀይሩ ቁም ሣጥን አንሥተው ወገባቸውን ይዟቸዋል።

የቤቱ የወገብ ቅባት አሠራር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ 30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ዘይት፣ 12 ጠብታ የፔፐርሚንት (የናና ዓይነት ተክል) ዘይት። የፔፐርሚንቱ ጠርሙስ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ገና ያኔ መከፈቱ ነው። ሠራተኛዋ አንገቱ ላይ የምትገጠመውን ትንሽ የፕላስቲክ ማንጠባጠቢያ ነቅላ ጣለቻት። ይህን የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው፤ ዘይቱ ቀስ እያለ ስለሚወርድና ደንበኛም እየጠበቀ ስለሆነ ትዕግሥት ያልቃል። ያለ ማንጠባጠቢያዋ ግን ጠብታ የሚባል ነገር የለም። ጠርሙሱ ሲዘነበል ዘይቱ ይንዶለዶላል። ሠራተኛዋ በዓይኗ ገምታ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ሽታው ደከም ያለ ስለመሰላት ትንሽ ደገመች።

ወገባቸውን በደንብ ካሸችላቸው በኋላ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ዘረጋችበት። ሙቀቱ ቶሎ እንዳይበርድም ከላይ ፌስታል አለበሰችው።

«ይመችዎታል ጋሼ?»

«በረዶ ነው እኮ ያደረግሽበት ልጄ! እግዜር ይስጥሽ፣ ቀለል አለኝ።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድምፃቸው ተለወጠ። «አንሺልኝ፣ አንሺልኝ፣ ይፋጃል!» ሠራተኛዋ ደንግጣ ፎጣውን ገፈፈችና ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰችበት። ባሰ። ወገብ ላይ ብቻ የነበረው ማቃጠል ወደ ጎንና ወደ ታፋ ወረደ። ጩኸቱን ሰምታ የገባችው ነባር ሠራተኛ ውኃውን አስቆመች፤ በደረቅ ጨርቅ ሳትፈትግ እየጫነች ዘይቱን መጠጠች፣ ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት በጥጥ ቀብታ እንደገና መጠጠች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ ነው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ያጠበችው። ቆዳው ፌስታሉ ያረፈበትን ቦታ ልክ ተከትሎ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል፣ ቀልቷል፤ ሁለት ቦታ ላይ ውኃ ቋጥሯል። ወዲያው ጤና ጣቢያ ተወሰዱና ቁስሉ ታሸገ።

ማታ ጠርሙሱ በሲሪንጅ ተለካ። የቀረው 6 ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ 30 ሚሊ ሊትር ሰሊጥ ውስጥ የገባው 4 ሚሊ ሊትር ነበር ማለት ነው። 12 ጠብታ ደግሞ፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ነው በሚለው ስሌት፣ 0.6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 2 በመቶ መሆን የነበረበት ቅባት 12 በመቶ ገደማ ሆኗል፤ ስድስት እጥፍ።

ሠራተኛዋ ክፉ አላሰበችም፣ ሰነፍም አይደለችም። ያሳሳታት ሁላችንም ያደግንበት ነገር ነው። ምች ሲመታ ዳማከሴ ታሽቶ ይቀባል፣ ጉንፋን ሲይዝ በባሕር ዛፍ ቅጠል ይታጠናል፤ ቅጠሉን ማንም መዝኖ አያውቅም። አንድ እፍኝ ቢበዛ ምን ያመጣል? ቅጠል ውስጥ ያለው ዘይት እጅግ ጥቂት ነውና ብዙ ጊዜ ምንም አያመጣም። የነጭ ባሕር ዛፍ እርጥብ ቅጠል በእንፋሎት ሲጣራ የሚገኘው ዘይት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ስለዚህ አንዲት ባለ 10 ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት ጠርሙስ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ቅጠል ተጨምቆ የገባባት ናት። ከጠርሙሱ «ትንሽ ደገም» ማድረግ ቅጠል ከመጨመር ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። መዓዛማ ዘይት ለሚይዝ ሰው ሁሉ ከሽታው በፊት ይህ ቢነገረው እወዳለሁ።

ብዛቱ ብቻውን ግን ያን ያህል ባልጎዳቸው ነበር። የፔፐርሚንት ዘይት ከ30 እስከ 55 በመቶው ሜንቶል ነው። ሜንቶል ቆዳውን በእውነት አያቀዘቅዝም፤ ቅዝቃዜን የሚለዩትን ነርቮች ነው የሚቀሰቅሰው። ሕመሙ የሚረሳው ለዚህ ነው፣ ጥቅሙም እሱ ነው። ችግሩ ያው የቅዝቃዜ ስሜት የፎጣው ሙቀት በጊዜ እንዳይታወቅ መሸፈኑ ነው። ሰውዬው «በረዶ» ሲሉ ቆዳቸው እየጋለ ነበር። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፌስታሉ ላብና ዘይቱን አፍኖ ይይዛል፤ በዚህ ላይ ዘይቱ ወደ ቆዳ የሚገባበት ፍጥነት ይጨምራል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ የጡንቻ ሕመም ቅባቶች ስለሚደርስ ቃጠሎ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። የከፉት ጉዳቶች በአብዛኛው የታዩት ሜንቶላቸው ከ3 በመቶ፣ ሜቲል ሳሊሲሌታቸው (ሌላው የሕመም ማስታገሻ ንጥረ ነገር) ከ10 በመቶ በላይ በሆኑት ላይ ነው። የዚያን ቀን ቅባት ሲሰላ ሜንቶሉ ከ3.5 በመቶ አያንስም። በአሠራሩ ቢሆን ኖሮ ከ1.1 በመቶ አይበልጥም ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ጀርመን አገር ለራስ ምታት 10 በመቶ ፔፐርሚንት በአልኮል ተበጥብጦ ይሸጥ የለም ወይ? ይሸጣል። ግን የሚቀባው ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ፣ በጥቂቱ፣ ሳይሸፈን ነው፤ አልኮሉም ወዲያው ይተናል። ሙሉ ወገብን ቀብቶ በሙቅ ፎጣና በፌስታል መጠቅለል ሌላ ሥራ ነው።

ውኃው ያባሰበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ዘይት በውኃ አይሟሟም፤ ውኃው ዘይቱን እየገፋ ወዳልተነካ ቆዳ ወሰደው። መጀመሪያ በደረቁ ማንሣት፣ ቀጥሎ በምግብ ዘይት ማቅጠን፣ በመጨረሻ ሳሙና። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ይህ አይሠራም፤ ዓይን በብዙ ንጹሕ ውኃ ሳይቋረጥ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቅባት በጠብታ መቁጠር ትቷል። ጠብታ እንደ ዘይቱ ውፍረትና እንደ ማንጠባጠቢያው አፍ ይለያያል፤ አንዱ ጠርሙስ በ1 ሚሊ ሊትር 20፣ ሌላው 30 ሊሰጥ ይችላል። አሁን የሚለካው በባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው፤ ለ30 ሚሊ ሊትር 0.6፣ ለ100 ሚሊ ሊትር 2። ቆዳቸው ስስ ለሆነና ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች በግማሽ ይቀነሳል። ሲሪንጁ ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ የውስጡ ጎማ በዘይቱ ያብጥና ይሰንፋል፣ ልኬቱም ይሳሳታል። የሚቀላቀለው በብርጭቆ ዕቃ ነው፤ የተሠራበት ቀንና መቶኛው በፕላስተር ተጽፎ ይለጠፍበታል። ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጣል። ቅባቱን እሳት ላይ ማሞቅ ፈጽሞ ተከልክሏል፤ መዓዛማ ዘይት በቀላሉ እሳት ይይዛል። ሙቅ ፎጣ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ፎጣው ይቀድማል፤ ቆዳው ተጠራርጎ ከበረደ በኋላ ይቀባል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ምንም አይለብስም። አዲስ ደንበኛ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ይቀባና ይታያል። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች እንደ መንቀራፈፍ ያዩታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምይዘው ነው።

ከቃጠሎው ይልቅ የሚያስፈራው በኋላ የተሰማው ነው። ሰውዬው ጤና ጣቢያ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ሲጠየቁ «ለልቤ ዋርፋሪን» አሉ፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ማሳጅ ቤት ማንም አልጠየቃቸውም። በዚያው መደርደሪያ፣ ከፔፐርሚንቱ ቀጥሎ፣ ዊንተርግሪን የሚባለው ዘይት ቆሞ ነበር፤ ጠርሙሱ ተመሳሳይ፣ ክዳኑ ተመሳሳይ። ዊንተርግሪን ከሞላ ጎደል ጥሬ ሜቲል ሳሊሲሌት፣ ማለትም የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ 7 ግራም አስፕሪን ያህላል፤ ባለ 300 ሚሊ ግራም እንክብል ከ20 ፍሬ በላይ መሆኑ ነው። ሕፃን ቢጠጣው ሊገድለው ይችላል። በቆዳም ሰርጎ ይገባል፤ ዋርፋሪን ከሚወስድ ሰው ደም ጋር ሲገናኝ የመድማት አደጋውን ያብሰዋል። በዚያ ቀን እጇ አንድ ጠርሙስ ወደ ቀኝ ቢያልፍ ኖሮ በሰሊጡ ውስጥ የሚገባው 4 ሚሊ ሊትር የሱ ነበር።

ዊንተርግሪኑ ከመደርደሪያው ወርዷል። ደንበኛ አልጋ ላይ ከመውጣቱ በፊትም ይጠየቃል፤ ደም እንዳይረጋ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ? አስም ወይም የሚጥል በሽታ? እርጉዝ ነሽ ወይ? ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ ያደነዝዛል ወይ? ለመጨረሻው «አዎ» ያለ ሰው ቅባት ሳይነካው ወደ ሐኪም ይላካል።