የመጀመሪያ ቤታችንን ስንገዛ ዘግይተን የተማርነው ሒሳብ

ከተጋባን በኋላ ለመጀመሪያ ቤታችን ቅድመ ክፍያ ለማጠራቀም አራት ዓመት ፈጅቶብናል። በአንዳችን ደመወዝ ኪራይና አስቤዛ እየሸፈንን የሌላኛችንን ሙሉ በሙሉ ወደ ቁጠባ ሒሳብ እናስገባ ነበር። ይህን የቻልነው ልጅ ስላልነበረንና ሁለታችንም ቋሚ ሥራ ስለነበረን ነው፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ያልቆጠበውን ሁሉ ሰነፍ እንደ ማለት ይሆንብኛል።

የመጀመሪያውን ቤት ያጣነው ግን በራሳችን ስህተት ነው። የዋጋውን 20 በመቶ ይዘን ቀርበን ሳለ፣ የስም ማዛወሪያው፣ የውል ማጽደቂያውና የቤት ግምቱ ክፍያ ከብድሩ ውጭ ከኪሳችን እንደሚወጣ የሰማነው በመጨረሻው ሳምንት ነበር። ከዘመድ ለመበደር ስንሯሯጥ ቤቱ ለሌላ ተሸጠ። ባለቤቴ የሳሎኑን መስኮት ለመጋረጃ ለክቶ የጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ለወራት ከቦርሳው አልወጣችም።

በሁለተኛው ሙከራ ከመፈረማችን በፊት የብድር አከፋፈል ሰንጠረዡ ታትሞ እንዲሰጠን ጠየቅን። የቀረበልን ብድር በ12 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት የሚመለስ ነበር። ወለድ የሚሰላው ገና ባልተከፈለው ዕዳ ላይ በመሆኑ፣ ከመጀመሪያው ወር ክፍያችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ለወለድ ብቻ የሚሄድ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲደመር ደግሞ የተበደርነውን 2.6 እጥፍ እንመልሳለን። ባለቤቴ «ተሳስተሽ ይሆናል» ብሎ ራሱ እንደ አዲስ ደመረው፤ ያው ሆነ። ያንኑ ብድር በ15 ዓመት ብንከፍለው ግን ወርሃዊ ክፍያው የሚጨምረው 9 በመቶ ገደማ ሲሆን ጠቅላላው ወደ 2.2 እጥፍ ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ሁለታችንም የምንጠይቀው «በወር ስንት ነው?» ብቻ ነበር።

ጭማሪውን የሸፈንነው በደመወዝ ሳይሆን አንድ መኝታ ክፍል በመተው ነው። አነስ ያለ ቤት በመምረጣችን ብድሩ አነሰ፤ ለሦስት ወር ክፍያ የሚበቃ መጠባበቂያም ተረፈን። ከቀነ ገደቡ አስቀድሞ ለሚከፈል ዕዳ ቅጣት አለመኖሩንም ውሉ ላይ አረጋገጥን።

ዛሬ አራት ዓመት ከፍለን ዕዳችን የቀነሰው ከ12 በመቶ ጥቂት በሚበልጥ ነው። ወለዱ ካልተቀየረ የክፍያችን ግማሽ ዋናውን ብድር መቀነስ የሚጀምረው በአሥረኛው ዓመት ስለሆነ፣ ወሩን ሰንጠረዡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አክብቤዋለሁ።