የወሩ ቁጥር ከድሬዳዋ ሱቅ ሲታይ

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የዋጋ ሪፖርት የማነበው ለእንጀራዬ ብዬ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የውኃ ቱቦ። ዕቃ ዛሬ ላስገባ ወይስ ወሩ ይለፍ፣ ለማን በዱቤ ልስጥ፣ ለማን እጅ በእጅ ልበል የሚለውን ስወስን ያ ሪፖርት ከደላላ ወሬ ይሻለኛል። ዜና ላይ ሲደርስ ግን ከዚያ ሁሉ ገጽ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚተርፈው። «የዋጋ ግሽበት ወደዚህ ያህል ወረደ» ይባላል። በማግስቱ አንዱ ደንበኛ ይመጣና «እትዬ፣ ቀንሷል ተብሎ የለም እንዴ? ባለ 12ቱ ፌሮ ለምን አልወረደም ታዲያ?» ይለኛል። ዓይኑን ሳየው ዋጋውን የያዝኩበት እኔ መስዬዋለሁ። ይህ ያሳዝነኛል። በአምስት ደቂቃ ሊብራራ የሚችል ነገር ሳይብራራ ቀርቶ ገዢና ሻጭ እየተጠራጠርን እንውላለን።

እስቲ በ100 ብር እናስላው። ሰኔ 2015 ላይ አንድ ቤተሰብ በ100 ብር የሚሸምተው አስቤዛ ነበር እንበል። ሰኔ 2016 የዓመቱ ግሽበት 19.9 በመቶ ነበር፤ ያው አስቤዛ 119 ብር ከ90 ሆነ። ሰኔ 2017 ግሽበቱ 13.9 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። መውረዱ እውነት ነው፤ ስድስት ነጥብ ወርዷል። ይህ 13.9 በመቶ ግን የሚታሰበው በመነሻው 100 ብር ላይ ሳይሆን በ119 ብር ከ90ው ላይ ነው። ስትደምሩት 136 ብር ከ57 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ያ ዜና በተነገረበት ወር የቤት እመቤቷ የምትከፍለው ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው በሲሶ በልጦ ነበር። ዜናውም አልዋሸም፣ እሷም አልተሳሳተችም። የወረደው ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ራሱ መውጣቱን አላቆመም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከቁጥሩ ጋር የሚያነብልን ዜና አንባቢ ቢኖር ሱቄ ውስጥ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ሪፖርቱን የሚከፍት ሰው ሦስት ዓይነት ለውጥ ያገኛል። አንደኛው ይህን ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽራል፤ ዜና የሚሆነው እሱ ነው። ሁለተኛው የአሥራ ሁለት ወር ተንከባላይ አማካይ ሲሆን ረዥሙን አካሄድ ያሳያል፤ ለፖሊሲ አውጪ ይጠቅመዋል፣ ለእኔ ግን ዘግይቶ ይደርስብኛል። ሦስተኛው ይህን ወር ከባለፈው ወር ጋር የሚያነጻጽረው ነው። ነጋዴም ሆነ ቤት እየሠራ ያለ ሰው ማየት ያለበት ይህን ሦስተኛውን ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የዓመቱ ቁጥር የዛሬን ብቻ አይናገርም፤ ያለፉትን አሥራ አንድ ወሮችም ተሸክሞ ይመጣል። አምና ነሐሴ ላይ ዋጋ በአንድ ጊዜ ዘልሎ ከነበረ፣ ያ ዝላይ እስከ ዘንድሮ ሐምሌ በየወሩ ቁጥሩ ውስጥ ይቆጠራል። ነሐሴ ሲገባ ከማነጻጸሪያው ይወጣና ቁጥሩ ዝቅ ይላል። በዚያ ወር ገበያ ላይ የቀነሰ አንድም ነገር ላይኖር ይችላል። የወር ለወሩ ቁጥር እንዲህ ያለ ውርስ የለበትም። ሁለትና ሦስት ወር አከታትሎ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ገበያው በእውነት ተረጋግቷል ማለት ነው፤ የዓመቱ ቁጥር ያን ጊዜ ገና ከፍ ያለ ቢሆንም። ግልባጩም እንዲሁ ነው፦ ዓመታዊው እየወረደ የወር ለወሩ መነሣት ከጀመረ እኔ ብረት ማስገባቴን አላዘገይም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያገላብጠው የክልሎች ሰንጠረዥ ነው። ድሬዳዋ ለብቻዋ ትቀመጣለች፣ ሐረሪም እንዲሁ። የአገሪቱ ቁጥር የሁሉም አካባቢ የተመዘነ አማካይ ስለሆነ ብዙ ሕዝብና ብዙ ወጪ ያለባቸው አካባቢዎች ወደራሳቸው ይጎትቱታል። የእኛን ዋጋ የሚያንቀሳቅሱት ነገሮች ሌላ ናቸው። የጅቡቲ መስመር አለ፣ በጅግጅጋ በኩል የሚገባው ዕቃ አለ፣ የሐረርጌ ጫት አለ። የሸዋ ጤፍ እዚህ እስኪደርስ የሚከፈልበት የመኪና ኪራይም አለ። ቁጥር ሲጠየቅ መጀመሪያ የድሬን ማየት ነው።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበትን ጊዜ ላስታውሳችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ከነበረበት በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ የነበረው ፍርሃት ቀላል አልነበረም፤ ሁሉም ነገር በእጥፍ ይጨምራል ተብሎ ነበር። የአገሪቱ ዓመታዊ ግሽበት ግን በእጥፍ አልዘለለም፤ በቀጣዮቹ ወሮች እንዲያውም መውረዱን ቀጠለ። ብዙዎች ቁጥሩን አላመኑትም። እኔ አመንኩት፤ ያመንኩትም እዚሁ ድሬዳዋ «ታይዋን» ከሚባለው ገበያ የተነሣ ነው። ታይዋን ውስጥ የሚሸጠው ልብስ፣ ሽቶ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ድሮውንም በባንክ ዋጋ ገብቶ አያውቅም። ነጋዴው ዶላሩን የሚያገኘው ከባንክ ውጭ ካለው የጎን ገበያ ነበር፣ ዋጋውንም የሚተምነው በዚያው ነው። ባንክ ወደ ጎን ገበያው ሲጠጋ ለዚያ ዕቃ አዲስ ነገር አልመጣበትም። ጭማሪው በርትቶ የታየው እስከዚያን ቀን በባንክ ዋጋ ይገባ በነበረው ላይ ነው። ነዳጅን ውሰዱ፦ መንግሥት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ አስተካከለው፣ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው ማስተካከያም ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አለፈ። ነዳጁ ሲነሣ ባጃጁ ተነሣ፣ አሸዋ የሚያመጣው ሲኖትራክም ተነሣ፣ ከዚያ ተራው የእኔ ሱቅ ሆነ። ስለዚህ የምንዛሪው ለውጥ እኛ ዘንድ የደረሰው በአንድ ቀን ሳይሆን ተቆራርጦ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየሆነ ነው። ይህን ደግሞ የሚይዘው የወር ለወሩ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሲሚንቶና ብረት ልምጣ፤ እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ሁለቱን «የግንባታ ዕቃ» ብሎ ባንድ ላይ መጥራት ያሳስታል። ሲሚንቶ የአገር ውስጥ ነው፤ ድንጋዩም አፈሩም ከእኛው ምድር ይወጣል። ድሬዳዋ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ከተማው ውስጥ ሲሚንቶ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ደግሞ ሲሚንቶ ደብቆ ማቆየት አይቻልም። ጆንያው እርጥበት ከነካው ይጠጥራል፣ ወራት ካስቆጠረ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ዋጋው የሚነግረን የዛሬን ነው፦ ፋብሪካው መብራት አለው ወይ? ለምድጃው ከሰል ደርሶለታል? መለዋወጫ ገብቷል? መንገዱስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት እጥረቱ ሲጠና መንግሥት ዋጋ ተምኖ በተመረጡ አከፋፋዮች እንዲሸጥ አድርጎ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋና ዕቃው የሚገኝበት ዋጋ ተራርቀው እንደነበር ቤት ሲሠራ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። መስከረም 2017 ላይ ለሚ የተመረቀው ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል የማምረት አቅም አለው። ያን ያህል ምርት ገበያ ሲገባ የሚያመጣውን ለውጥ ተመን ሊያመጣው አይችልም፤ ሲሚንቶን የሚያረጋጋው ምርት ነው የሚለው እምነቴ ከዚህ የመጣ ነው።

ፌሮ ሌላ ነው። እዚሁ አገር ተስቦ ቢወጣም ፋብሪካዎቹ የሚያቀልጡትና የሚስቡት ጥሬ ብረት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ደግሞ አይበላሽም፤ ከዝናብ ከከለሉት ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ የአንድ ቤርጋ (የአንድ ዘንግ ፌሮ) ዋጋ ውስጥ የዛሬው ወጪ ብቻ ሳይሆን ሰው ስለ ነገው ዶላር ያለው ግምትም አለበት። ዶላር ይወደዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ወደ ብረት ይለውጣል፣ የሚለውጠው ሲበዛ ዋጋው ይነሣል። ሲሚንቶ ተረጋግቶ ፌሮ ብቻውን የሚወጣበት ወር ካያችሁ ምክንያቱ ምንዛሪው ነው። ሁለቱም አብረው ከተነሡ ነዳጁን ወይም መንገዱን ተመልከቱ። ሁለቱም ከቆሙ ግንባታው ራሱ ቆሟል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለቀን ሠራተኛው ከዋጋ ጭማሪ ይከፋዋል። ግንበኛውና ረዳቱ ቁርስ ሳይበሉ አደባባይ ቆመው የሚያረፍዱት ያን ጊዜ ነው።

የግንባታ ዓመት ደግሞ የራሱ ወራት አለው። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው፤ የመንግሥት ሥራ የያዘ ኮንትራክተር ክፍያው ሳያልፍበት ለመጨረስ ይሯሯጣል፣ መሥሪያ ቤቶችም የቀረ በጀታቸውን ያወጣሉ። በሰኔ የምሸጠውን አይቶ ኢኮኖሚው ተነቃቃ የሚል ሰው ሐምሌ ላይ ይደነግጣል። ሐምሌ አዲስ በጀት ተይዞ እስኪለቀቅ ጸጥ ይላል፣ በዚያ ላይ የግብር ወር ነው፤ ነጋዴው ጥሬ ገንዘቡን ሰብስቦ ለዚያ ይይዘዋል። ነሐሴ በከተማችን የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የሚያስፈራበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደረሰውን ጎርፍ ያየ ሰው ዳመና ሲጠቁር እንቅልፍ አይወስደውም፣ ወንዙ ዳር ያለ ግንባታም ይቆማል። ጎርፉ ሲያልፍ ግን አሸዋ ትቶ ይሄዳል፣ ጫኞችም ይሰማራሉ። ከኅዳር በኋላ እህል ሲገባ የምግቡ ቁጥር ይላላል፤ ምግብ ከጠቅላላው መለኪያ ከግማሽ በላይ ስለሚይዝ አገራዊው ቁጥርም አብሮ ይላላል። በጋው ሲበረታ ጫት ይወደዳል፤ ውኃ በሞተር የሚስብ የሐሮማያና የአወዳይ ገበሬ ያን ጊዜ እጁ ላይ ገንዘብ ይገባል፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ለመግዛት ወደ ከተማ ይወርዳል። በረመዳን በከፊራ ገበያ ውስጥ ቴምር፣ ሽንኩርትና ዘይት ይነሣሉ፤ ከዒድ በኋላ ይበርዳሉ። ይህን ሁሉ ሳያውቁ አንድን ወር ነጥሎ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ እኔ ይህን ወር ከባለፈው ጋር ካየሁ በኋላ፣ አምናና ካቻምና በዚሁ ወር የወር ለወሩ ለውጥ ስንት እንደነበር አያለሁ። ጥር ላይ መላላት የተለመደ ነው። በጥር መነሣት ከታየ ግን የምር ነገር አለ ማለት ነው።

ስለ ብድር ሳልናገር አላልፍም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አደረገ፣ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። በሐምሌ 2016 ደግሞ ለባንኮች ወለድ መነሻ የሚሆነውን የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ብሎ ጀመረ። ግሽበቱ እንዲወርድ ይህ እንደረዳ አልክድም፤ ገንዘብ እንደልብ ሲረጭ የነበረበት ጊዜ ያመጣውን ሁላችንም ከፍለንበታል። ግን ሸክሙ የወደቀው በማን ላይ እንደሆነም ይቆጠር። ዋጋው ከብድሩ ጣሪያ በላይ እያደገ ባለበት ዓመት፣ ብድሩ በቁጥር ቢያድግም የሚገዛው ዕቃ ይቀንሳል። አንድ ባንክ ውስን ብድር ሲኖረው መጀመሪያ የሚሰጠው ለትልቁ ደንበኛው ነው። ትንሹ ኮንትራክተር ከእኔ ዘንድ በዱቤ ይመጣል፤ እኔ ከአከፋፋዩ በዱቤ፤ አከፋፋዩ ደግሞ «ያለ ቅድሚያ ክፍያ አልጭንም» ይላል። ግማሽ ላይ የቆሙት ቤቶች፣ ፌሮአቸው ሰማይ እያየ የዛገው፣ ብዙዎቹ የዚህ ሰንሰለት ውጤት ናቸው።

የኢንዱስትሪውን ነገር በአጭሩ ልበለው፤ በየወሩ የሚነበብ ነገር ስለማይሰጠን። የኢኮኖሚው ዕድገት የሚነገረን በዓመት ነው። እስከዚያ እኛ የምናየው የጭነቱን ባቡር፣ በደወሌ መንገድ የሚመላለሰውን ከባድ መኪና፣ ከነሐሴ 2014 ወዲህ ደግሞ የነጻ ንግድ ቀጠናውን እንቅስቃሴ ነው። ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ተጨማሪ ሰዓት ሲገቡና ሲቀርባቸው ያያሉና፣ የኢንዱስትሪውን አካሄድ ከእነሱ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ለከተማችን ንግድ ቢሮ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከልቤ የምጠይቀው። የሲሚንቶ ኩንታል፣ የባለ 8፣ የባለ 10፣ የባለ 12 ፌሮ ቤርጋ፣ የባለ 30 ጌጅ ቆርቆሮ፣ የአንድ ሲኖትራክ አሸዋና የአንድ ብሎኬት ዋጋ በወሩ መጀመሪያ ከአምስትና ከስድስት ሱቅ ተሰብስቦ ይለጠፍልን። የግንበኛና የረዳት የቀን ክፍያም አብሮ ይግባ። አገራዊው ሪፖርት ውስጥ እነዚህ «ምግብ ነክ ያልሆኑ» በሚለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ገብተው ይዋጣሉ፤ ቤት የሚሠራ ሰው ሊያገኛቸው አይችልም። የሚለጠፈው ዝርዝር ለኮንትራክተር የዋጋ ማስተካከያ ሲጠየቅም ሁለቱም ወገን የሚያምኑት ወረቀት ይሆናል። የሱቄን ዋጋ በየወሩ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ፤ ያነጋገርኳቸው ጎረቤት ነጋዴዎችም ይሰጣሉ። የሚያስፈልገው አንድ ሰው፣ አንድ ሰንጠረዥና የማይቋረጥ ቀን ነው።